ከጤፉና ከባሕር ዛፉ የቱ ይሻል ነበር?

ጥያቄዬን በኢንተርኔት የውይይት ገጽ ላይ የጻፍኩት በፓራግላይዲንግ፣ ማለትም ሞተር በሌለው የጨርቅ ክንፍ፣ ስበርር ዛፍ ላይ ቀርቼ፣ እግሬ በጀሶ ታስሮ፣ ትራስ ላይ ተሰቅሎ፣ ጣሪያ ከመቁጠር ሌላ ሥራ ባጣሁበት ሳምንት ነው። ሠላሳ አንድ መልስ መጣ። መካከሉ ላይ ክርክሩ ስለ ባሕር ዛፍ የውኃ ጥም ሆነ፤ ቆይቶ ደግሞ ስለ ወጌሻ። ዘግይቶ የሚደርስ አንባቢ ዋናውን ነገር ከየት እንደሚለቅም ግራ ስለሚገባው፣ የሰዎቹን ቃል እንዳለ ሳልገለብጥ ምን እንደተባባልን በቁጥሩ ተራ ልተርከው። የራሴን አስተያየት ጣልቃ ማስገባቴ አይቀርም፤ የተሰበረው የእኔ እግር ነው።

የመነሻው ጽሑፍ እንዲህ ነበር። በኅዳር የመጨረሻው እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከወጨጫ ምሥራቃዊ ትከሻ ላይ ክንፌን ዘርግቼ ተነሣሁ። ወጨጫ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለ፣ ቁመቱ ከ3,300 ሜትር የሚያልፍ ተራራ ነው። በበጋ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ ስለሚመጣ፣ ወደ ከተማው የዞረው ፊቱ ለፓራግላይዲንግ ይመቻል። ሃያ ደቂቃ ያህል ከጥንብ አንሳዎች ጋር እየዞርኩ ቆየሁ፤ ከዚያ ወደ ላይ የሚያነሣኝ አየር ሞተ። ለማረፊያ የመረጥኩት ከታች ያለ የግጦሽ መስክ ነበር። ነፋሱ ፊት ለፊቴ ስለሆነ ወደፊት የምሄደው በዝግታ፣ ወደታች የምወርደው በጥድፊያ ሆነ። በእኔና በመስኩ መካከል መጀመሪያ ሊታጨድ የደረሰ ጤፍ፣ ከጤፉ ጫፍ ደግሞ ድንበር ላይ የተተከለ አንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ ነበር። ጤፉ ላይ ማረፍ እችል ነበር። የገበሬውን የዓመት ልፋት በእግሬና በገመዴ ማጨማለቅ አሳፈረኝና ረድፉን እዘልላለሁ ብዬ ገፋሁ። አልዘለልኩም። ዛፍ ላይ ተንጠለጠልኩ፤ ቁርጭምጭሚቴም ተሰበረ። ጤፉ ላይ ማረፍ ነበረብኝ ወይ? ዛፍ የማይቀር ሲሆንስ እንዴት ነው የሚታረፈው? ብዬ ጠየቅኩ።

በመንጠልጠሉና በመሰበሩ መካከል ሳልናገር የዘለልኩት ነገር ነበር። ያን ጊዜ ማንም ልብ የሚል አልመሰለኝም።

1ኛውና 2ኛው መልስ የደግ ሰው ነው። አንዱ እግዚአብሔር ይማርህ ብሎ ሄደ፤ ሌላዋ የአጥንት መረቅ እንድጠጣ መከረችኝ። ጠጥቻለሁ።

3ኛው የመጀመሪያው ቁም ነገር ነው። ጸሐፊው ኬንያ ውስጥ፣ ኢተን አጠገብ ካለው የኬሪዮ ሸለቆ አፋፍ ላይ የተማረ አብራሪ ነው። ዛፍ የማይቀር መሆኑ ከታወቀ ውሳኔው በጊዜ ይሁን አለ። በእርሱ ግምት ሰውን የሚጎዳው ዛፉን መምረጡ አይደለም፤ እስከ መጨረሻው ሲሸሸው ቆይቶ በጎኑ ወይም ነፋስ ከጀርባው እየገፋው መላተሙ ነው። ፊትን ወደ ነፋሱ አዙሮ፣ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ አንድ ዛፍ መርጦ፣ አናቱን እንደ መሬት ቆጥሮ ልክ መካከሉ ላይ ለማረፍ መሄድ ነው። በሁለት ዛፎች መካከል መሾለክን ከሁሉ የከፋ አለው፤ አንዱ የክንፍ ጫፍ ቅርንጫፍ ይዞ ሲቀር ሰውየው እንደ ደወል ምላስ ተወዛውዞ ግንድ ላይ ይመታል። እግሮች ይገጥሙ፣ ጉልበት ለስለስ ይበል። እግሮቹ ባይገጥሙ ቅርንጫፉ የት እንደሚገባ አልዘረዘረም፤ እኔም አልዘረዝርም። አናቱ ጋ ሲደረስ ፍሬኑን፣ ክንፉን የሚያቀዘቅዙትን የእጅ ገመዶች፣ እስከ ታች ስቦ ወዲያው ፊትን በክንድ መከለል፣ መንቀሳቀሱ ሲቆም ደግሞ ያገኙትን ወፍራም ነገር አቅፎ መያዝ።

4ኛው ምስጋናውን በአንድ መስመር ጨርሶ ወደ እርማት ገባ። ፍሬኑን እስከ ታች የሚለው ምክር በትክክለኛው ቅጽበት ካልሆነ ይገድላል፤ ሦስት አራት ሜትር ቀድሞ ከተሳበ ክንፉ መብረሩን ትቶ ሰውየውን በቅርንጫፎቹ መካከል እንደ ድንጋይ ይለቀዋል። ከዚያ ስለ ከፍታ አነሣ፤ ሁላችንም የምናውቀውና ማናችንም የማናስበው ጉዳይ ነው። 2,500 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለል በ22 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ ያው ክንፍ፣ ያው ሰው፣ በ13 በመቶ ያህል ፈጥኖ ይበርራል። ባሕር ዳርቻ ላይ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄደው እኛ ዘንድ 41 ይሄዳል፤ ግንድ የሚመታበት ጉልበት ግን የሚጨምረው በ13 ሳይሆን በ28 በመቶ ነው። ለ3ኛው ሰውም አንዲት መርፌ ጣል አደረገ፦ ኢተን ራሱ 2,400 ሜትር ላይ ቢሆንም፣ ከዚያ የሚነሡት የሚያርፉት ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ባለው የሸለቆ ወለል ላይ፣ በወፍራም አየር ውስጥ ነው። 3ኛው ሰው ከዚህ በኋላ ለብዙ ጊዜ ድምፁ አልተሰማም።

5ኛዋ ያጠፋሁትን ከእኔ በተሻለ አየችው። ነፋሱ ከምሥራቅ ከሆነና እኔ ከምዕራብ ወደ ረድፉ ከመጣሁ፣ የቀረብኩት ከዛፎቹ ጀርባ ነው። ነፋስ አናታቸውን አልፎ በጀርባቸው በኩል ወደታች ይደፋል፣ ይታወካል፤ በግምት የሚያዘው ልክ የዛፉን ቁመት አሥር እጥፍ ያህል ርቀት ነው። አሥራ ሁለት ሜትር የሆነ ረድፍ እስከ መቶ ሃያ ሜትር ድረስ አየሩን ያበላሻል ማለት ነው፤ ጤፉ በሙሉ በዚያ ጥላ ውስጥ ነበር። እዘልለዋለሁ ብዬ ያሰብኩት ከፍታ በቂ የመሰለኝ ዓይኔ ዛፉን እንጂ ከዛፉ ጀርባ የሚፈስሰውን አየር ስለማያይ ነው። ይህን ሳነብ ያ ድንገተኛ መስመጥ እንደገና ሆዴ ውስጥ ተሰማኝ።

6ኛው ጡረታ የወጡ የአየር ወለድ ሰው ናቸው፤ ጽሑፋቸው በወታደር ሥርዓት የተሰለፈ ነበር። በእርሳቸው ዘመን ዛፍ የሚመርጥ አልነበረም፤ ዛፉ ነው ሰውን የሚመርጠው። እግርና ጉልበት መግጠም፣ አገጭን ደረት ላይ መለጠፍ፣ ፊትን በክንድ መሸፈን፣ ከዚያ መጠበቅ። አንድ ባልደረባቸው ሌሊቱን ሙሉ ግራር ላይ አድሮ፣ ጠዋት በመሰላል ሲያወርዱት ከእሾህ ጭረት በቀር ምንም እንዳልነበረው ተረኩ።

7ኛው፣ ወጣት ይመስለኛል፣ የእርስዎ ጃንጥላና የእኛ ክንፍ አይገናኙም የሚል መልስ ጻፈ፤ ለጋሼ እንዲህ አይጻፍም። ፍሬ ሐሳቡ ትክክል ነበር። የአየር ወለዱ ክብ ፓራሹት በሴኮንድ ስድስት ሜትር ያህል ወደታች ይወርዳል፤ ፓራግላይደር ወደታች የሚወርደው በሴኮንድ አንድ ሜትር ብቻ ሲሆን ወደፊት ግን አሥር ሜትር ይነጉዳል። አንዱ ከላይ የሚመጣ፣ ሌላው ከፊት የሚመጣ አደጋ ነው። 8ኛው የእርሳቸው የራሳቸው መልስ ነው፤ ክቡም ቢሆን በነፋስ ወደ ጎን እንደሚነዳ ካስረዱ በኋላ፣ የተሰበረው እግር የእርሳቸው እንዳልሆነ በትሕትና አስታወሱ። ውይይቱ ለግማሽ ቀን ዝም አለ።

9ኛው ችግኝ ጣቢያ የሠራ ሰው ነው፤ ለእኔ ከዚህ ውይይት ሁሉ በጣም የጠቀመኝ እርሱ ነው። አብራሪዎች ዛፍ ዛፍ ትላላችሁ፣ የትኛው ዛፍ እንደሆነ አትጠይቁም ብሎ ጀመረ። ባሕር ዛፍ ተጠጋግቶ ሲተከል የታችኛውን ቅርንጫፍ ራሱ እየጣለ ወደ ብርሃን ይመዘዛል፤ ቅጠሉ ያለው አናቱ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ክንፉን በደንብ ይይዝልሃል፤ ከዚያ በታች ግን እግር የሚያሳርፍ አንድ ጉጥ እንኳ የሌለው፣ ቅርፊቱ እየተላጠ የሚንሸራተት ግንድ ብቻ ይቀርሃል። ደግሞ አንድ ጊዜ ተቆርጦ ያቆጠቆጠ ከሆነ ከአንድ ጉቶ ላይ ሦስት አራት ግንድ ነው የሚወጣው፤ መጋጠሚያው ደካማ ስለሆነ የሰው ክብደት ሲወዛወዝበት ከሥሩ ሊገነጠል ይችላል። ማገር የሚያህለው ይተጣጠፋል፣ ወራጅ የሚያህለው ይሰበራል፣ ቋሚ የደረሰው ይሸከማል፤ ከላይ ሆኖ ሲታይ ግን ሦስቱም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነው። ጽድ ሌላ ነው። ቅርንጫፉ ከታች ጀምሮ ስላለ መሰላል ይሆናል፤ ደርቀው የቀሩት ጉጦቹ ግን ጦር ናቸው። ግራሩን ጋሼ ነግረውናል።

ከዚህ ቀጥሎ የጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሁሉ የሚፈራው ዛፍ የሌለበት ቦታ ነው፤ በቅርቡ የተጨፈጨፈ ባሕር ዛፍ። ከላይ ሲያዩት ባዶ ማረፊያ ይመስላል። መሬቱ ግን የዝናብ ውኃ እንዲንሸራተትለት ሰያፍ ሆኖ የተቆረጠ ጉቶ የተደረደረበት ነው፤ ሮጦ የሚያርፍ ሰው ጉቶ ላይ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን ለማሰብ አብራሪ መሆን አያስፈልግም።

10ኛው ችግኝ የሚለውን ቃል ሲያይ ጊዜ አላጠፋም፤ ባሕር ዛፍ ምንጭ የሚያደርቅ ጠላት ነው አለ። 11ኛው ተነሣበት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ዛፉ ባይመጣ ኖሮ አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ፈርሳ ነበር፤ አፄ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው እንደነበር አስታወሰ። 12ኛዋ ከሁለቱም በላይ ወደ ኋላ ሄደች፤ በወጨጫ ማዶ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን በመጣ ዘር እንደተተከለ ሲተረክ የኖረ ነው፤ እኛ ዛሬ ችግኝ መትከልን አዲስ ነገር እናስመስለዋለን ስትል ወቀሰች። ደስ የሚል ንባብ ነበር። 13ኛው መልስ የእኔ ነው፤ እግሬን አስታወስኳቸው።

14ኛው ደግሞ ሳቄን አጠፋው። ሰበታ አካባቢ የተወለደ የገበሬ ልጅ ነው፤ ለጤፉ በማዘኔ ሊያመሰግነኝ የመጣ መስሎኝ ነበር። ማዘኔ ራስ ወዳድነት ነው አለ። አንድ ሰው ጤፍ ላይ ቢያርፍ የሚያበላሸው ሁለት ሦስት ነዶ ነው፤ የደረሰ ጤፍ ሲረግፍ እንደማይለቀም ባይክደውም፣ ሽማግሌ ገምቶ ከፍሎ የሚያልቅ ነገር ነው። አዝመራውን የሚያጠፋው አብራሪው ሳይሆን ሊያየው የሚሮጠው ሕዝብ ነው፤ ዛፍ ላይ ለተንጠለጠለ ሰው የሚሰበሰበው ሕዝብ ደግሞ በእግሩ ቆሞ ክንፉን ከሚጠቀልል ሰው ዘንድ ከሚሰበሰበው ብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ለሰዓታትም አይበተንም። ስለዚህ ጤፉን አዳንኩለት ባልኩት ገበሬ ላይ ራሴ ማሳውን አስረግጬበታለሁ። ለገበሬው የሚያስብ ሰው በጥቅምት ወርዶ ደጃፉን ይቆረቁራል፣ ቡና ይጠጣል፣ የት ላርፍ ብሎ ይጠይቃል፣ ቀድሞ የታጨደ የገብስ ማሳ ይከራያል። ሰማይ ላይ ሆኖ አያዝንም። መልስ አልነበረኝም፤ እውነቱን ለመናገር ለሁለት ሰዓት ያህል ተናድጄ ነበር።

15ኛው በዚሁ ላይ አከለ፦ ድንበር ላይ ያለው ባሕር ዛፍ ለገበሬው ጌጥ አይደለም፣ ባንኩ ነው። ለሠርግ፣ ለልቅሶ፣ ለቆርቆሮ መግዣ ተሸጦ አጣና ይሆናል። አናቱ የተቀነጠሰ ዛፍ ቋሚ ሳይሆን ይቀራል፤ ያንንም መክፈል አለ።

16ኛው የመብራት ሠራተኛ ነው፤ አጭርና ደረቅ ጻፈ። በዛፍና በሽቦ መካከል የተያዘ ሰው ያለ ማመንታት ዛፉን ይምረጥ። ሽቦ ከሰማይ አይታይም፤ ምሰሶውን ፈልግ፣ በሁለት ምሰሶ መካከል ሁልጊዜ ሽቦ አለ ብለህ ቁጠር። ክንፉ ሽቦ ላይ ከተጠመጠመ ከታች ያለ ሰው ቢያንስ አሥር ሜትር ይራቅ፤ በእንጨት አወርደዋለሁ የሚል ጀግና ከመጣ ያዙት፣ እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ከዚህ በላይ አንድም ቃል አልጨመረም።

17ኛዋ ናት ያጋለጠችኝ። ጽሑፌን እንደ መርማሪ ፖሊስ መልሳ አነበበችው። ክንፉ ከያዘ ሰውየው አየር ላይ ነው፤ አየር ላይ የተንጠለጠለ ሰው ቁርጭምጭሚቱ በምን ይሰበራል? ብላ ጠየቀች። ሁለት ቀን ዝም አልኩ። 18ኛው መልስ የእኔ ኑዛዜ ነው።

ክንፌ በሁለት አናቶች ላይ ተጠቅልሎ አጥብቆ ይዞኝ ነበር። ከፊቴ ጭረት በቀር ምንም አልሆንኩም፤ እግሬ ከመሬት ሰባት ሜትር ያህል ይርቃል። ተራራው ላይ የቀረው ጓደኛዬ በሬዲዮ እንዳልንቀሳቀስ፣ ገመድ ይዞ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደሚደርስ ነገረኝ። እሺ አልኩት። ከዚያ ሰው መሰብሰብ ጀመረ። መጀመሪያ እረኞች፣ ቀጥሎ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው፣ በመጨረሻ ጋቢ የለበሱ አዛውንት። አንድ ሕፃን ከአውሮፕላን የወደቅኩ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሌላው ድንጋይ ወርውሮ መኖሬን አጣራ። ሴቶቹ ሳቁ፤ በክፋት አልነበረም፣ እኔም በቦታቸው ብሆን እስቅ ነበር። ግን እንደ ታጠበ ልብስ ተሰጥቶ መታየት ለካ ከባድ ነው። ሃያ ደቂቃ አልታገስኩም። ግንዱን በአንድ እጄ አቅፌ በመጀመሪያ የእግሮቹን፣ ከዚያ የደረቱን ማሰሪያ ፈታሁ። ቅርፊቱ በእጄ ውስጥ እንደ እርጥብ ወረቀት ተላጠ። ጥቂት ተንሸራትቼ የመጨረሻዋን አራት ሜትር ያህል ወደቅኩ። ዛፉ አልሰበረኝም፤ ዛፉ ይዞኝ ነበር።

19ኛው በቅሎ ገመዷን በጠሰች፣ በራሷ አሳጠረች የሚለውን ተረት ብቻ ጽፎ ሄደ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ የወደቀ አብራሪም እንዲሁ።

20ኛዋ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት፤ መሳቁን ለሌሎች ትታ ቁጭ ብላ አስተማረችን። ዛፍ ላይ ያለ ሰው ሊረዳው የመጣ ሰው በሌላ ገመድ እስኪይዘው ድረስ አንዲት ማሰሪያ አይፈታ፤ ጠፍር ወይም ቀበቶ ካለው ራሱን ከግንዱ ጋር ይሰር። እግሩ ወደታች ተንጠልጥሎ ያለ እንቅስቃሴ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ሰው ደም ወደ ልቡ መመለስ ያቅተዋል፣ ራሱን ሊስት ይችላል። የፓራግላይደር መቀመጫ ጭኑን ከፍ ስለሚያደርግ ከሌላው ማንጠልጠያ ይሻላል፤ ቢሆንም እግሩን ያንቀሳቅስ፣ በገመድ ቀለበት ሠርቶ ረግጦ ይቁም። ከታች ያሉ ሰዎች ገመዶቹን አይጎትቱ። የወደቀ ሰው ካለ በእጅና በእግሩ አንጠልጥለው መኪና ላይ አይጣሉት፤ አንገቱ እንዳለ ይቆይ፣ መተንፈስ ካልከለከለው ሄልሜቱ አይውለቅ፣ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደወል፣ በከተማው ክልል ከሆነ ወደ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939።

21ኛው ተንጠልጥሎ የወረደን ሰው ማስተኛት ክልክል ነው፣ የቆመው ደም ተመልሶ ልቡን ይገድለዋል ብሎ ሊያርማት ሞከረ። በ22ኛው መለሰችለት፦ ይህ ለብዙ ዓመት ሲያስተምሩት የኖረ ነገር ነው፤ በኋላ መረጃው ሲፈተሽ መሠረት አልተገኘለትም፣ አሁን የሚመከረው እንደ ማንኛውም ሕመምተኛ አስተኝቶ መርዳት ነው። በትዕግሥት ነው የጻፈችው። ትዕግሥቷ ያለቀው በ23ኛው ላይ ነው፤ አንድ ሰው በጀሶ ከምሰቃይ እጁ የተባረከ ወጌሻ እንዳለ ጠቆመኝ። 24ኛው መልስ እሳት ነበር። መገጣጠሚያ ላይ ያለ ስብራት ያለ ራጅ አይታሽም፤ በቀርከሃ ጠብቆ ታስሮ ደም የተከለከለ እግር ጠቁሮ ሲመጣ የሚቀረው መቁረጥ ነው፣ እርሷም ያንን በዓይኗ አይታለች። ለወጌሻው የቆመ ሰው አልተገኘም።

25ኛው ወደ ዛፉ መለሰን። በውጭ አገር ብዙ አብራሪዎች የጥርስ ክር ጥቅል በኪሳቸው ይይዛሉ፤ ዛፍ ላይ ሲቀሩ ጫፉ ላይ ትንሽ ነገር አስረው ወደታች ይለቁታል፣ ከታች ያለው ሰው ወፍራሙን ገመድ ያስርላቸዋል፣ ይጎትቱታል። ክብደት የለውም፣ ቦታ አይዝም። 26ኛው ሕዝባችን የሚያውቀው መፋቂያ እንጂ የጥርስ ክር አለመሆኑን አስታውሶ ሲባጎ መከረ፤ ከየትኛውም ሱቅ ይገኛል፣ ባለመበጠሱ ይሻላል፣ ጥርስ ግን አይጎረጎርበትም። አሁን ሠላሳ ሜትር ሲባጎ ከፉጨት ጋር በደረት ኪሴ ውስጥ አለ።

27ኛው ስለ ፈቃድ ነበር፤ ቃሉ ሻካራ ነው። የአዲስ አበባ ሰማይ የቦሌ አውሮፕላኖች ሰማይ ነው፣ ያለ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ዕውቅና የሚነሣ ሰው ዛፍ ላይ ቢቀር ይገባዋል አለ። ፈቃድ በእጃችን እንደነበር ጻፍኩለት፤ ይቅርታ አልጠየቀም። 28ኛው እ.ኤ.አ. በ2007 አውስትራሊያ ውስጥ የነጎድጓድ ደመና ወደ ላይ ስቧት 9,946 ሜትር ስለደረሰችውና ራሷን ስታ በሕይወት ስለወረደችው ጀርመናዊት አብራሪ ኤቫ ቪሽኒየርስካ ተረከ፤ ከዛፉ ጋር ምን እንዳገናኘው አላውቅም፣ ግን ሁላችንም አነበብነው። 29ኛው መጠባበቂያ ፓራሹቴን ለምን እንዳልወረወርኩ ጠየቀ። በ30ኛው ያ የኬሪዮው ሰው ከዝምታው ተመልሶ መለሰለት፦ ክንፉ ጤነኛ ነው፣ የሚመራ ነው፤ በዚያ ዝቅታ መጠባበቂያውን መወርወር መሪውን ጥሎ ነፋሱ ወደ ወሰደው መሄድ ነው።

31ኛው ክንፉ የት ደረሰ? የሚል ነው፤ ዛሬ የምመልሰው እርሱን ነው። በማግስቱ የሰፈሩ አንድ ልጅ ገመድ ይዞ ወጥቶ አወረደው፤ ሁለት አናት መቁረጥ ነበረበት። ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሁለቱን ዛፍና የተረገጠውን ጤፍ ገመቱ። ጤፉ ከዛፎቹ በለጠ፤ 14ኛው ሰው ይህን ሲያነብ ደስ እንደሚለው አውቃለሁ። ከፈልኩ። ክንፉ መካከሉ ላይ ከሁለት ሜትር በላይ ተቀድዶ፣ ገመዶቹም ተበጣጥሰው ስለነበር መልሶ የሚበር አልነበረም፤ ገበሬው ለምን እንደምፈልገው ጠየቀኝና ሰጠሁት። አሁን የጭድ ክምሩን አልብሶበታል። ቀይ ስለሆነ ከተራራው ትከሻ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ አንደኛው ጫፉ ድንጋይ ስላልተጫነበት ይርገበገባል። ጓደኛዬ ከመነሣቱ በፊት ከታች ያለውን ነፋስ የሚያየው በእርሱ ነው።